የጥያቄና መልስ ውድድርን አይቶ ለማያውቅ ሰው የትኛው ክፍል ይቅደም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄውን ያነሣችው)

ለቡድናችን አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቡና በኋላ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆችና ዘመዶች የአሜሪካንና የእንግሊዝን የቴሌቪዥን ውድድሮች ማስተዋወቅ እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ ይህን ዘርፍ ከቁማር ለይተው ስለማያዩት፣ መጀመሪያ የሚመለከቱት ክፍል ወይ ያስወድዳቸዋል ወይ ጨርሶ ያርቃቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እኔ የመረጥሁት እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተላለፈውን የ«ፕሬስ ዩር ላክ» ክፍል ነው። በዚህ ውድድር 18 ሣጥኖች ባሉት ሰሌዳ ላይ መብራት ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ተወዳዳሪው ቁልፉን ሲጫን መብራቱ ያረፈበትን ይወስዳል፤ «ዋሚ» በሚባለው ቀይ ጭራቅ ላይ ካረፈ ግን ያጠራቀመው ገንዘብ በሙሉ ይጠፋል። የኦሃዮው አይስክሬም ሻጭ ማይክል ላርሰን ፕሮግራሙን በቪዲዮ ካሴት እየቀዳ ደጋግሞ በማየት፣ መብራቱ እንደ ዕድል ሳይሆን በአምስት ቋሚ ቅደም ተከተሎች እንደሚዘል ደረሰበት። ከዚያም ራሱ ቀርቦ ተወዳድሮ 110,237 ዶላር የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብና ሽልማት ወሰደ፤ ጣቢያውም ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፣ ሰውየው ያፈረሰው ደንብ ስላልተገኘ ከፈለው። ዕድል የተባለ ነገር በትጋት ሲፈታ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም። የእናንተን ሐሳብ እጠይቃለሁ።

ከለንደን

እህታችን የመረጠችው ክፍል ድንቅ መሆኑን አልክድም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አይሆንም። ላርሰን የሚያስደንቀው ሌሎቹ እንዴት እንደሚጫወቱ አስቀድሞ ያየን ሰው ነው። ተወዳዳሪዎች ጥቂት ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ዋሚን ፈርተው የቀራቸውን ዕድል ለሌላ ማሳለፋቸው የተለመደ መሆኑን ያላወቀ ተመልካች፣ ይህ ሰው ሳያቋርጥ ከ40 ጊዜ በላይ ሲጫን አቅራቢው ፒተር ቶማርከን ለምን እንደዚያ እንደተደናገጠ አይገባውም። ልማዱን ያላየ ሰው ከልማድ የወጣውን ሊያውቅ አይችልም።

እኔ የምመክረው የፊደልና የቁጥር ዙሮች ካሉት ከእንግሊዙ ውድድር «ካውንትዳውን» ማንም የማያስታውሰውን አንድ ተራ ክፍል ነው። የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ቻናል 4 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1982 ሥርጭት ሲጀምር መጀመሪያ ያስተላለፈው ይህንኑ ውድድር ነበር። የፊደሉ ዙር እንግሊዝኛን ላልተለማመደ ሰው ይከብዳል፤ የቁጥሩ ዙር ግን የማንንም አገር ቋንቋ አይጠይቅም። ስድስት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ባለሦስት አኃዝ ዒላማ ይሰጣል፤ ተወዳዳሪዎቹ በ30 ሰከንድ ውስጥ፣ አንዱንም ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳይጠቀሙ፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ዒላማው ላይ ለመድረስ ይሞክራሉ። ተመልካቹ ተወዳዳሪውን ከማድነቁ በፊት ራሱ ይወዳደራል፤ የዘርፉ ጣዕምም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከአዳማ

የሒሳብ መምህር ነኝ። በቁጥሩ ዙር እስማማለሁ፤ «ተራ ክፍል» በሚለው ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1997 በዚሁ ውድድር 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6 ወጥተው ዒላማው 952 ሆነ። አንዱ ተወዳዳሪ 100 ላይ 6 ደመረ፤ 106ን በ3 አባዝቶ 318 አገኘ፤ ያንን በ75 አባዝቶ 23,850 አደረሰው፤ 50 ቀንሶ 23,800 አስቀረ፤ በ25 ሲያካፍለው 952 ወጣ። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ስሠራላቸው፣ ስለ ፕሮግራሙ አንዳች የማያውቁ ልጆች በጣም ያስገረማቸው ሰውየው ወደ ሃያ ሺዎቹ ከወጣ በኋላ የሚመለስበትን መንገድ አስቀድሞ ማየቱ ነበር። ስለዚህ ያልተለመደ ነገር ሁሉ ለጀማሪ አይገባም ማለት አይቻልም፤ የሚለየው አስደናቂነቱ በራሱ በጨዋታው ውስጥ የሚታይ ነው ወይስ ከውጭ የሚተረክ ታሪክ ይፈልጋል የሚለው ነው።

ከቶሮንቶ

በመምህሩ መለኪያ ከሄድን፣ የአሜሪካው የጥያቄና መልስ ውድድር «ጄፐርዲ» እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተናገደው የዋትሰን ውድድር ያልፋል። ዋትሰን የተባለው የአይቢኤም ኩባንያ ኮምፒዩተር ከውድድሩ ታላላቅ አሸናፊዎች ከኬን ጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር ቀርቦ አሸነፈ፤ ሆኖም «የአሜሪካ ከተሞች» በሚለው ርእስ ስለ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ሲጠየቅ፣ ቺካጎ ማለት ሲገባው ቶሮንቶ አለ። ቶሮንቶ ካናዳ ውስጥ መሆኗን ለማወቅ እዚህ አንድ ዘመድ ያለው ሐበሻ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። አያቴ ይህን አይተው ማሽኑን ያረሙበት ደስታ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ።

ከአትላንታ

ወላጆችን የምናስብ ከሆነ ዝምድና ያለበትን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1999 ጆን ካርፔንተር ባለአራት አማራጭ ጥያቄዎችን በሚያቀርበው በአሜሪካው «ሚሊየነር» የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደርሶ፣ ለእርዳታ ስልክ የመደወል ዕድሉን ተጠቅሞ ወደ አባቱ ደወለ፤ እርዳታ እንደማይፈልግና አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊያሸንፍ መሆኑን ሊነግራቸው ብቻ መደወሉንም ገለጸላቸው። ልጅ ለአባቱ የምሥራች ሲናገር ለመረዳት ትርጉም አያሻም። የዕቃ ዋጋ የሚያስገምተውን «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት»ን ግን እንዳታሳዩአቸው አደራ እላለሁ፤ ትናንት ከአገር ቤት የመጣ ሰው የአሜሪካ የታሸገ ሾርባ ስንት እንደሚሸጥ በምን ያውቃል? የማያውቀውን ሲጠየቅ መዋሉ እንግድነቱን ብቻ ያስታውሰዋል።

ከአዲስ አበባ

ሽማግሌዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት «ይህ አስቀድሞ የተሰናዳ አይደለም ወይ?» ብለው ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካው የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር በ«ትዌንቲ ዋን» ኸርብ ስቴምፕል መልሱን እያወቀ እንዲሳሳት በአዘጋጆቹ ታዞ ለቻርልስ ቫን ዶረን ቦታውን ለቀቀ፤ ቫን ዶረንም መልስ ይሰጠው እንደነበር ኖቬምበር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት አመነ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከዚህ ተነሥተን ብናሳያቸው በኋላ የሚያዩትን ሁሉ በእምነት ያያሉ።

ከለንደን

በዚህ አጥብቄ እቃወማለሁ። ክህደትን መጀመሪያ ያየ ሰው እውነተኛውን አሸናፊ እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ጥያቄውን ሲያነሡ በሐቅ እንመልስላቸው፤ ከመጠየቃቸው በፊት ግን ጥርጣሬውን እኛ አንዝራባቸው።

ከጎንደር

ክርክሩን እስከ አሁን በዝምታ ተከታትያለሁ። ለወላጆቻችን ይህ ነገር ፈጽሞ አዲስ እንደሆነ አድርጋችሁ መነጋገራችሁ አልተዋጠልኝም። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሐረርን ወይም ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ፣ ገብቶበት፣ ተሸናፊውን በሚገባ ከተሳለቀበት በኋላ ነው ፍቺውን የሚናገረው። አቅራቢው «የመጨረሻ መልስህ ነው?» ብሎ መልሱን የሚያዘገየው፣ ተወዳዳሪውም ያለውን ይዞ መሄድን ከመድፈር ጋር የሚያመዛዝነው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው «ሚሊየነር»ን ነው፤ የካርፔንተርን ክፍል ግን አይደለም። እርሱ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ አንድም እርዳታ አልተጠቀመም፤ ጀማሪ ያንን ካየ አራቱ አማራጮች፣ የተመልካቹ ድምፅና ሁለት የተሳሳቱ መልሶችን የማውጣቱ ዕድል ለምን እንደተፈለጉ ሊገባው አይችልም። የሚያመነታ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የሚጨነቅ፣ ባለቤቱን ዞር ብሎ የሚያይ ተወዳዳሪ ያለበትን ክፍል ፈልጉ። የሚያመነታ ሰው ሲያዩ ሳሎን የተቀመጡት ሁሉ መልስ መወርወር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ማስተዋወቁ ተፈጸመ ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጥያቄውን ያነሣችው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላርሰንን መጀመሪያ ለማሳየት የነበረኝን ሐሳብ የለወጠው ከጎንደር የጻፉት ወንድሜ አስተያየት ነው፤ እናቴ የእንቆቅልሽ ሰው መሆኗን ረስቼ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚያመነታ ተወዳዳሪ ያለበትን «ሚሊየነር» አሳያለሁ፤ ጥያቄዎቹንም እኔ በአማርኛ እያነበብሁ መልሱ ከመነገሩ በፊት ቴሌቪዥኑን አቆማለሁ። ቀጥሎ የ952ቱ ዙር ይሆናል፤ ወረቀትና እርሳስ ለሁሉም አድላለሁ። ላርሰን ለሁለተኛው ወር ይቆየኝ፤ ከእርሱ በፊትም አንድ የተለመደ የ«ፕሬስ ዩር ላክ» ክፍል፣ ሰው በዋሚ ገንዘቡን ሲያጣ የሚታይበትን፣ አስቀድማለሁ። የ«ትዌንቲ ዋን»ን ታሪክ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ከለንደን

በላርሰን ቅደም ተከተል ተስማምተናል። የ952ቱ ዙር ሲደርስ ግን ለማሰብ ጊዜ ልስጣቸው ብለሽ ቴሌቪዥኑን እንዳታቆሚው። ሠላሳው ሰከንድ ከነሙዚቃው ይሂድ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ብቻ አቁሚና የደረሱበትን ጠይቂያቸው።