ጎንዶማር የሚለው ስም ላይ ቆሜያለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጋሊሲያን (የሰሜን ምዕራብ ስፔን ግዛት ናት) እና የፖርቱጋልን የቤተሰብ ስሞች አመጣጥ ማጥናት ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። መነሻው ቀሎኝ ነበር፤ ፈርናንዴሽ የፈርናንዶ ልጅ፣ አልቫሬሽ የአልቫሮ ልጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል አገር የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ (እኛ በዝ እንጽፈዋለን) ስማቸው ይኸው ነው። የአባት ስም ከማስከተል ልማዳችን ጋር ስለሚቀራረብ በጣም ወደድኩት። የእነሱ ግን ውሎ አድሮ ረግቶ ለትውልድ የሚተላለፍ ሆነ።

ያቃተኝ የቦታ ስም ሲገባበት ነው። ጎንዶማር በጋሊሲያም አለ፣ ፖርቱጋል ውስጥ ከፖርቶ አጠገብም አለ። ሁለቱም ጉንደማር ከሚል የጥንት ጀርመናውያን ነገዶች የሰው ስም የመጡ ናቸው፤ ከእነዚህ ነገዶች ስዌቢዎችና ቪዚጎቶች አካባቢውን ገዝተዋልና። የፖርቱጋል ከተማ የሆነችው ጊማራይንሽም ስሟ ቪማራ ከሚል የሰው ስም ነው። ታዲያ ዛሬ ጊማራይንሽ የሚባል ቤተሰብ የቪማራ ዘር ነው ወይስ አያቱ ከዚያ ከተማ የመጣ ብቻ? በምን ይለያል? የመካከለኛው ዘመን የገዳም መዛግብትን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው ዓይነት ሰነድ ልጀምር? እባካችሁ አንድ ምሳሌ እንኳ አሳዩኝ።