ጌም ስመራ የገጸ ባህርያቱን መልክ ማንንም ሳላስከፋ እንዴት ልግለጽ?

የማታው መሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለጓደኞቼ የጠረጴዛ ሮልፕሌይ ጌም እመራለሁ፤ ማለትም እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባህርይ ሚና ይዞ ይጫወታል፣ ዕድላችንን ደግሞ በዳይስ (ቁጥር ባለበት ኩብ) እንለያለን። አሁን አዲስ ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው፤ የሚጀምረው ሰልማራ ብዬ በፈጠርኳት የወደብ ከተማ ነው። ከአራት አቅጣጫ የመጣ ሕዝብ ተቀላቅሎ ይኖርባታል፣ መልኩም እንደዚያው የተለያየ ነው። ችግሬ ገለጻው ላይ ነው። የቆዳ ቀለም ስጠራ ሰውን የምመድብ ይመስለኛል። ካልጠራሁ ደግሞ ሁሉም በየጭንቅላቱ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ይስልና የከተማዋ ድብልቅነት ወረቀት ላይ ይቀራል። እስካሁን የጻፍኩት ይኸው፦

«በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ትከሻው ሰፊ የሆነ ጎልማሳ ነው። መድኃኒት ሻጯ ኢሽቫ ቸኮሌት የመሰለ ቆዳና የለውዝ ቅርጽ ያለው ዓይን አላት፤ ምስጢራዊ ውበት ያላት የሩቅ አገር ሴት ናት። የመርከቡ አዛዥ ቶሬን ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ጢሙን ያሳደገ ቆፍጣና ነው።»

ተጫዋቾቼ ራሳቸው ከተለያየ ሕዝብ የመጡ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ማንም እንዲሸማቀቅ አልፈልግም። ምን ላስተካክል?

ዳይስ ወርዋሪው

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን እንደገና አንብበው። ሦስት ሰው ነው ያለው። ቀለም ያላት ግን ኢሽቫ ብቻ ናት። ዘበኛውና ቶሬን ቆዳ የላቸውም እንዴ? አድማጭ ይህን ሲሰማ «ያልተባለላቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ እሷ ብቻ ለየት ትላለች» ብሎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቀለም ከጠራህ ለሁሉም ጥራ። ፈዛዛውንም፣ ቀዩንም፣ ጠይሙንም፣ ጥቁሩንም እኩል በሆነ ድምፅ።

ሁለተኛ፣ «የሩቅ አገር ሴት» ያልከው። ሩቅ ከማን? ሴትየዋ እዚያው ከተማ ሱቅ ከፍታ የምትሠራ ናት። እንግዶቹ እኮ ተጫዋቾችህ ናቸው! ከመርከብ ገና የወረዱት እነሱ ናቸው። ከባሕር ማዶ መምጣቷ ለታሪኩ ካስፈለገ የአገሩን ስም ጥራና ጨርስ። «ምስጢራዊ» የሚለውን ደግሞ ሰርዘው፤ ምስጢር ካላት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይድረሱበት።

ብዕር በኪሴ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ቸኮሌቱ ልናገር። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ካራሜል፣ ማር... የሰው ቆዳ ሲገለጽ የሚበላና የሚሸጥ ነገር ለምን እንደሚደረደር አይገባኝም። ብዙ አንባቢ ሰለቸን ካለ ቆይቷል። ደግሞም ይህ ምግብ የሚመጣው ጠቆር ላሉት ሰዎች ነው፤ ፈዛዛ ቆዳ ያለውን ሰው «ሊጥ የመሰለ» የሚል ጸሐፊ ስንቴ አጋጥሟችኋል? በቃ ቀለሙን በስሙ ጥራው። ጥቁር፣ ጠይም፣ ጠየም ያለ፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ፈዘዝ ያለ። በአንድ ቃል ያልቃል፣ ማንም አይደናገርም። ትንሽ ማስዋብ ካማረህ ብርሃኑን ተጠቀም፤ የፋኖስ ብርሃን ጥቁር ጉንጭ ላይ ሲያርፍና ፈዛዛ ፊት ላይ ሲያርፍ አንድ አይደለም።

«የለውዝ ዓይን» ደግሞ ምንም አይነግረኝም። እንዲህ ያለ ዓይን በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ ሞልቷል። ዓይኗ ምን እያደረገ ነው? ትሰልላለች? እንቅልፍ አጥታለች? ሽፋሽፍቷ ረጅም ነው? እሱን ንገረኝ።

ሌላው፣ ራሳቸው ፍርድ የሚሰጡ ቃላት አሉ፤ ስንናገር አይታወቁንም። «ሰልካካ አፍንጫ» ስትል ማሞገስህ ነው፣ «ደፍጣጣ» ስትል መስደብህ ነው። ሁለቱንም ተዋቸውና «ቀጭን» ወይም «ሰፋ ያለ» በል። ጸጉርም ላይ እንዲሁ፤ «ከርዳዳ» ከማለት «ጥቅልል ያለ» ወይም «ጎፈሬ» ማለት ይሻላል። በነገራችን ላይ ጸጉር ለጌም መሪ ትልቅ ሀብት ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተያዘ ተናገር። ሹሩባ ሠርታ ሥራ ላይ እንዳያስቸግራት ወደ ኋላ ያሰረች ሴትና ጎፈሬውን በቅባት ያበጠረ ወጣት፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተዋወቅናቸው ማለት ነው።

ጎብሊኑ

ኧረ አካበዳችሁት! ጌም ነው እኮ። ስለ ኤልፍ ጆሮና ስለ ኦርክ ጥርስ፣ ስለ ተረት ፍጡራን ስናወራ ማን ይከፋዋል? ሰውየው መልክ ሊገልጽ ነው የፈለገው፤ እናንተ ፈተና ላይ አስቀመጣችሁት። ለማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ የሚሰማ ተጫዋች የለም፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ ሁሉም ዳይሱን ማሽከርከር ይጀምራል።

ዳይስ ወርዋሪው

የመጨረሻው ላይ እስማማለሁ። ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር አጭር መሆን አለበት፤ ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይበቃል። ኦርኩ ላይ ግን አልስማማም። ታዋቂውን ሮልፕሌይ ጌም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የሚያሳትሙት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ኦርክና ድራው (ጥቁር ቆዳ ያላቸው ኤልፎች) በቀድሞ መጻሕፍት የተሳሉበት መንገድ እውነተኛ ሕዝቦች ሲሰደቡበት የኖሩትን በሚያሳዝን ሁኔታ እንደሚያስታውስ በይፋ ተናግረዋል። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ ጌም በ2019 ሁለተኛ እትሙ የገጸ ባህርይን ትውልድ «ሬስ» (ዘር) ማለቱን ትቶ «አንሴስትሪ» (የዘር ሐረግ) አለ፤ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሰዎችም በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ «ስፒሽስ» (ዝርያ) ብለውታል። ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር። በዚያው በ2024 ሕግ የችሎታ ነጥብ ጭማሪው (ለጉልበት፣ ለብልህነትና ለመሳሰሉት የሚሰጠው) ከትውልድ ተነስቶ ገጸ ባህርዩ ካለፈ ሕይወቱ፣ ማለትም ከሥራውና ካደገበት ሁኔታ ጋር ሆኗል። መልክህ ጉልበትህንም ጠባይህንም አይወስንም ማለት ነው። ጠያቂያችንም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው።

ጎብሊኑ

እሺ፣ ይሄኛው ገባኝ። እንግዲያው እኔ የማደርገውን ልስጠው። ሁለት ሰንጠረዥ አለኝ። አንዱ መልክ ነው፤ ቆዳ፣ ጸጉር፣ ቁመት፣ ዕድሜ። ሌላው ሥራና ጠባይ ነው። ለየብቻ ነው ዳይስ የምጥልላቸው። ተጫዋቾች ያላሰብኩት በር ሲያንኳኩ (ሁሌም ያንኳኳሉ!) እጥላለሁ፤ ጠይም፣ ሽማግሌ፣ ረጅም፤ ጫማ ሰፊ፣ ነገረኛ። ሁለቱ ስለማይገናኙ ሌባው ሁሌ አንድ ዓይነት፣ ዳኛው ሁሌ ሌላ ዓይነት አይሆንብኝም። በዚያ ላይ ስንፍናዬን ይሸፍንልኛል።

ብዕር በኪሴ

ጎብሊኑ፣ ከሁላችንም የተሻለውን ሰጠኸው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ፤ የመልኩን ሰንጠረዥ ስትሠራ ለዳይሱ ስድስት ቁጥሮች የሚሆኑትን ስድስቱንም ቦታ በእውነት ሙላቸው፣ አራቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ዳይሱ ምንም አይለውጥም።

ሦስተኛዋ ወንበር

እኔ ተጫዋች ነኝ፣ መርቼ አላውቅም። ከወንበሬ ሆኜ የሚሰማኝን ልበል። እባክህ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» እያልክ ወደ አንድ ተጫዋች አትዙር። ልጫወት ነው የመጣሁት፣ የሕዝቤ አፈ ጉባኤ ሆኜ አይደለም። ራሴ ልናገር ካልኩ ደስ ብሎኝ እናገራለሁ። የራሴን ገጸ ባህርይ መልክ ደግሞ እኔ ልግለጸው፣ አንተ አትቀድመኝ።

የአነጋገር ዘዬ ማስመሰልም ቢቀር ይሻላል። ሳቅ ለማምጣት ቀላል ነው፣ ሳቁ ግን በሰውየው ላይ ነው የሚያርፈው። ፍጥነትህን ቀይር፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው አድርገው፤ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ታሪኩ ውስጥ ዘረኝነት አለ ወይስ የለም? በዚህ ሁሉም ይስማማ። ኤክስ ካርድ ካልሞከርክ ሞክረው፤ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ አንድ ነገር የከበደው ሰው ይነካዋል፣ ትዕይንቱ ይታለፋል። ምክንያት አይጠየቅም።

የማታው መሪ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ለወጥኩት፦

«በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ፈዛዛ ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውንና ጆሮውን አቅልታዋለች። መድኃኒት ሻጯ ኢሽቫ ጥቁር ናት፤ ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስራለች፣ ጣቶቿ በቅጠል ጭማቂ አረንጓዴ ሆነዋል። ሚዛኑን ሳትለቅ ቀና ብላ አየቻችሁ። ቶሬን ጠይም ነው፤ ከቅንድቡ እስከ ጆሮው ጠባሳ አለው፣ ጢሙ ሸብቷል።»

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ዋናው ክፉ ሰው ከኢሽቫ ሕዝብ ነው። ልቀይረው?

ብዕር በኪሴ

ገለጻው አሁን ሰው ሆኗል። የዘበኛው ጆሮ በተለይ!

ክፉውን አትቀይረው። ከዚያ ሕዝብ ሌላ ማን አለ የሚለውን ግን ቁጠር። ኢሽቫና እሱ ብቻ ከሆኑ አንዷ ቅድስት፣ አንዱ ሰይጣን ይሆኑና ለቀሪው ሰው ቦታ ያጣል። የወደቡን ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ፈሪውን መርከበኛ፣ ወሬኛዋን ጎረቤት ከዚያው ሕዝብ አድርጋቸው። ሰውየው ለምን እንደከፋም ምክንያት ስጠው፤ ዕዳ ይሁን፣ ቂም ይሁን፣ ሥልጣን ይሁን፣ የራሱ ጉዳይ ይሁን። ሲገባ ደግሞ «ፊቱ እንደ ልቡ የጠቆረ» የሚል ነገር እንዳያመልጥህ። የለበሰውን፣ ማን እንደተነሳለት፣ ማን ዓይኑን እንደሰበረ ንገራቸው፤ መፍራት ያለባቸው መሆኑን ከዚያ ይረዱታል።