ተሽከርካሪ በሕዝብ ደን ውስጥ ይለፍ ወይስ ይከልከል? አስተያየት በጽሑፍ ስጡ ተብለናል

የባንጃው ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአዊ፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር ሲሆን ከመንደራችን በላይ በመዝገብ የመንግሥት የሚባል፣ እኛ ግን ምንጩን እየጠጣን ያደግንበት ደን አለ። ቀድሞ በደኑ መካከል የሚያልፈው መንገድ ፈረስና በቅሎ ብቻ የሚሄዱበት ነበር። ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ ግን ከሰል ሊጭኑ የሚመጡ አይሱዙዎች ዙሪያውን መሄድ ሲረዝምባቸው ደኑን ማቋረጥ ጀመሩ፤ ሞተር ሳይክሎችም ተከተሏቸው። አንደኛው መንገድ ጭቃ ሲሆንባቸው በጎኑ ሌላ ስለሚከፍቱ ዳገቱ ከሩቅ ሲያዩት ሹሩባ የተሠራ ራስ ይመስላል።

ሰሞኑን ተሽከርካሪ በደኑ ውስጥ ይለፍ ወይስ ይከልከል በሚለው ላይ ነዋሪው አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተነግሮናል። ስብሰባ ተጠርተን እጅ አውጥተን መመለሱን ለምደነዋል፤ በጽሑፍ ስንጠየቅ ግን እኔ የማስታውሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤቶቼ በሁለት ተከፍለዋል፤ ከሰል የሚሸጠው ይለፍ ይላል፣ ከምንጩ ሥር ያለው ይከልከል ይላል፤ እኔ ደግሞ ከሰልም እሸጣለሁ፣ ውኃውንም እጠጣለሁ። ምን ዓይነት ጽሑፍ ብናቀርብ ተነብቦ ቁም ነገር ይገኝበታል? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ደንና አፈር፦

ወንድሜ፣ መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን ራሱን ብታርሙት ይሻላል። «ይለፍ ወይስ ይከልከል» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል፤ ተቆርጦ በተሠራና ውኃው በቦይ በሚወገድለት መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና እና ከመንገድ ወጥቶ ችግኙን እየደፈጠጠ የሚሄድ መኪና የሚያደርሱት ጉዳት ፈጽሞ አንድ አይደለም።

የደን አፈር ልል ነው። የረገፈው ቅጠል በስብሶበት፣ ሥሩና ትሉ ቀዳድተውት ዝናቡን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ክረምት የገባው ውኃ በበጋ ከምንጫችሁ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎማ ሲያልፍበት እነዚያ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር አብዛኛው መጠቅጠቅ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች መሆኑን ነው፤ ስለዚህ «ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ብናልፍ ጉዳቱ ይከፋፈላል» የሚለው የሹፌሮች ምክንያት ጉዳቱን አብዝቶ በሰፊው የሚዘራ እንጂ የሚያቀል አይደለም። ርጥብ አፈር ደግሞ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይጠቀጠቃል፤ በአዊ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቁልቁል የሚወርድ የጎማ ፈር የጎርፍ ቦይ ይሆናል፣ ቦዩም ጥቂት ክረምት ካለፈበት ቦረቦር ይሆናል፣ ከቦረቦሩ የታጠበው አፈርም መጀመሪያ ምንጫችሁን ያደፈርሳል።

ስትጽፉ «ደናችን ወደመ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ እንዲህ የሚሉ ደብዳቤዎች ብዙ አንብቤአለሁ፣ ከሐዘኔታ በቀር ምን እንደማደርግባቸው አላውቅም ነበር። ይልቁንስ ስንት ፈር እንዳለ፣ የትኛው ከምንጩ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ጥልቀቱ ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ በየትኛው ወር የትኛው ዓይነት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ ጻፉ። ችካል ተክላችሁ ከዚያው ቦታ ላይ ዛሬና ክረምቱ ሲወጣ ፎቶግራፍ ብታነሡ ደግሞ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

ባለ ሞተሩ፣ ከዳንግላ፦

ውይይቱ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን እኔም ልናገር። ሰውና ዕቃ በሞተር በማመላለስ የምተዳደር ነኝ። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት ድረስ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው «ደኑ ይዘጋ» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ አይጽፈውም። ወላድ በሞተር አትጫንም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን መድኃኒቱንና የጤና ባለሙያዋን የምናደርሰው እኛ ነን። ደግሞም ከሰል የጫነ አይሱዙና አንድ ሰው የጫነ ሞተር በአንድ ዓረፍተ ነገር አብረው ሲከለከሉ ትክክል አይመስለኝም።

ሞተር ጥፋት የለበትም ግን አልልም። ዳገት ላይ የኋላ ጎማው ሲሽከረከር አፈሩን እንደ ዶማ ይቆፍረዋል፤ በዚያ ላይ መኪና የማይደፍረው ቀጭን መንገድ ውስጥ የምንገባውም እኛው ነን። ስለዚህ እንድታልፉበት ይህ አንድ መንገድ ተፈቅዶላችኋል ብትሉን ብዙዎቻችን እንስማማለን። ሁሉ ዝግ ነው ከተባለ ግን ሕግ አክባሪው ይቀራል፣ የጥበቃውን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚያውቀው ያልፋል።

ከሞጣ ወጥቼ ኮሎራዶ የምኖር፦

የባለ ሞተሩ ሐሳብ እኔ በምኖርበት አገር ከተሞከረው ነገር ጋር ስለሚገናኝ ጥቂት ልጨምር። የአሜሪካ ፌዴራል የደን አገልግሎት የሚያስተዳድረው መሬት 78 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው፤ ሰዎች ለመዝናናትም ለአደንም ጂፕና ባለ አራት ጎማ ሞተር ይዘው ይገቡበታል። የእኛ ሰው ለእንጀራው የሚያደርገውን እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ለደስታቸው ስለሚያደርጉት ነገሩ በቀጥታ የሚቀዳ አይደለም፤ አፈሩና ውኃው ግን ጎማው ለምን እንደመጣ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ያወጡት ትእዛዝ ቁጥር 11644 መሥሪያ ቤቶች የተሽከርካሪ መንገድ ሲመርጡ በአፈር፣ በውኃ ተፋሰስ፣ በዕፅዋትና በዱር እንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፣ እንዲሁም በተጠቃሚዎች መካከል የሚነሣውን ግጭት እንዲቀንሱ አዘዘ። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ሲያሻሽሉት ከባድ ጉዳት የታየበት ቦታ ወዲያውኑ እንዲዘጋ ተጨመረበት። ይህም ሆኖ በብዙ ደኖች ክልክል የሚል ምልክት ያልተተከለበት ቦታ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ቆየ፤ ማንም ሰው በጎማው የከፈተው ፈር ውሎ አድሮ መንገድ ይባል ነበር። በ2005 የወጣው ደንብ ነገሩን ገለበጠው፦ በካርታ ላይ ተለይቶ ያልተፈቀደ ሁሉ ዝግ ነው። ካርታው የትኛው መንገድ፣ ለየትኛው የተሽከርካሪ ዓይነት፣ በየትኛው ወቅት ክፍት እንደሆነ ያሳያል፤ ለሕዝብም በነፃ ይሰጣል። የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ተሽከርካሪዎች ከእገዳው ውጪ ስለሆኑ የበሽተኛው ጉዳይ መልስ አለው።

እንግዲህ ለእናንተ የሚጠቅመው፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ መገልበጥ ነው። የሚከለከለውን ስትዘረዝሩ ሹፌሩ ሁልጊዜ ያልዘረዘራችሁትን ያገኛል፤ የሚፈቀደውን አንድ መንገድ ከሰየማችሁ ግን ሌላው ሁሉ ሳይጠራ ዝግ ይሆናል።

አስተያየት መስጠትን በተመለከተ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እዚህ አስተያየት እንደ ምርጫ ድምፅ አይቆጠርም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሺህ ሰው ፈርሞ ቢልክ እንደ አንድ ሐሳብ ተጠቃሎ ነው የሚታየው፤ «በዚህኛው መንገድ በዚህኛው መሻገሪያ ወንዙ ይደፈርሳል» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው ግን ካርታውን ሊያስቀይር ይችላል። እናንተም መቶ ፊርማ ከምትሰበስቡ ባለ ከሰሉ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ ባለ ሞተሩና ንብ አናቢው እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ለየብቻ ቢጽፉ ይሻላል፤ መጻፍ ለማይችለው ልጁ ይጻፍለት።

የሕግ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦

አጭር ነገር ልጨምር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሕዝብ እሱን በሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ያጸናል። ስለዚህ አስተያየት ስጡ መባላችሁ ውለታ አይደለም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ግን ከሁሉ በፊት ደናችሁ ከአራቱ የትኛው ሆኖ እንደተመዘገበ አጣሩና በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ግለጹ። ስታስገቡም ቅጂ አስቀርታችሁ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፤ ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁም እዚያው ላይ ጠይቁ።

የባንጃው ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ካነበብኩ በኋላ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር፣ አንዱ ከሚከለክሉት አንዱ ከሚፈቅዱት ወገን፣ ደኑን ከታች እስከ ላይ ሄድንበት። እኔ ሦስት የሚመስለኝ ፈር ስንቆጥረው አምስት ሆነ፤ ከምንጩ በላይ ያለው ቁመቴን ሊውጥ ትንሽ የቀረው ነው፣ ባለ ከሰሉ ጎረቤቴም ሲያየው ዝም አለ። ወደ ሰሜን ያለው ግን ከምንጩም ይርቃል፣ መሬቱም ድንጋያማ ስለሆነ ብዙም አልተቦረቦረም፤ ሦስታችንም ይሄኛው ቢሆን ብለን የተስማማነው እዚያው ቆመን ነው።

ስለዚህ ያዘጋጀነው ረቂቅ ይህ የሰሜኑ መንገድ ብቻ እንዲከፈት፣ የጭነት መኪና ከጥቅምት እስከ ግንቦት እንጂ ክረምት እንዳይገባበት፣ ሞተር ዓመቱን ሙሉ ከዚሁ መንገድ ሳይወጣ እንዲያልፍ፣ በሽተኛ የያዘ ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዳይከለከል፣ አራቱ ፈሮች ደግሞ በክትር ተዘግተው ችግኝ እንዲተከልባቸው ይጠይቃል። ክትሩን በደቦ እንሠራዋለን ብለናል። ያልተግባባነው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ የፈረስ ጋሪ ከተሽከርካሪ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እንደምታውቁት በእኛ አገር የፈረስ ነገር ቀልድ አይደለም።

ደንና አፈር፦

ፈረሱ አይቆጠርም፤ ጋሪው ጎማ ስላለው ይቆጠራል። ባለ ጋሪዎቹን ግን ሳትጠይቁ ይህን በረቂቁ ላይ አትጻፉ።