ጭንቅላቱ የማን ነው? የሄልሜት ክርክር በሰሜን ሸዋ

መነሻ፣ ከደብረ ብርሃን

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በገዛ ሞተሩ ሲሄድ መንግሥት «ሄልሜት አድርግ» ብሎ ሊያስገድደው ይገባል? የትራፊክ ደንባችን አዎ ይላል። መንገዱ ላይ የምናየው ግን ሌላ ነው። ከጫጫ እስከ ሸዋሮቢት ድረስ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ ያንጠለጠለ ሞተረኛ አይጠፋም። ትራፊክ ሲያይ ያጠልቃል፣ ሲያልፍ ያወልቃል።

እኔ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። እኛ ጋ ሞተር አንድ ሰው ብቻ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከኋላ ተሳፋሪ አለ፣ አንዳንዴም ሁለት። የነጂው ነፃነት ሲባል ከኋላ የተቀመጠችውን ሴት ማን አሰባት?

ከሸዋሮቢት፣ ሞተር ነጂ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሆነህ እንዲህ ማለት ይቀላል። እዚህ ቆላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጭንቅላቴ ይቀቀላል፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ወደ ጣርማ በር ስወጣ ደግሞ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ መንገዱን ይጋርደኛል። ብወድቅ የምጎዳው ራሴ ነኝ። ሲጋራ የሚያጨሰው ራሱን ሲጎዳ ማን አስቆመው? አረቄ የሚጠጣውንስ? ለኔ ጭንቅላት ያን ያህል ከታሰበ መጀመሪያ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ይደፈን።

ከደብረ ብርሃን፣ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ

ስለ ሙቀቱ እውነትህን ነው። «የምጎዳው ራሴ ነኝ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። እግሩ የተሰበረ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ወደ ሥራው ይመለሳል። ጭንቅላቱ ክፉኛ የተመታ ሰው ቢተርፍ እንኳ ሌላ ሰው ሆኖ ሊተርፍ ይችላል። ልጆቹን የማይለይ፣ ሽንቱን የማይቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የምታገላብጠው እናቱ ናት፣ ሚስቱ ናት። እነሱን ማንም «ትስማማላችሁ ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የተደረገ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ከስድስት እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል። «በትክክል» የምትለዋን ያዙልኝ። ማሰሪያው አገጭ ስር ካልታሰረ ገና ስትወድቅ ሄልሜቱ ብቻውን ይበራል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ አጥልቀው የሚነዱም አያለሁ። እሱ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራ ነው፣ አስፋልት ላይ አያድንም። የሞተር ሄልሜት ውስጡ ወፍራም ፎም አለው። ስትወድቅ በራስ ቅልህ ፈንታ እሱ ይጨፈለቃል። ስለዚህ አንዴ ክፉኛ ከተመታ ከውጭ ባይሰነጠቅም አበቃለት። ርካሽ ነው ብላችሁ አሮጌ ሄልሜት አትግዙ፣ አደራ።

ከመሃል ሜዳ፣ መምህር

የነፃነቱን ክርክር አሜሪካኖች ገና ድሮ ተከራክረውበታል። በ1966 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መንግሥቱ የሄልሜት ሕግ ለማያወጡ ግዛቶች የመንገድ ገንዘብ እቀንሳለሁ አለ። አብዛኞቹ አወጡ። በ1976 ኮንግረሱ ያንን ማስገደጃ ሲያነሳ ብዙዎቹ ሕጋቸውን ሻሩ ወይም አለዘቡ። ዛሬም ኢሊኖይ፣ አዮዋና ኒው ሃምፕሻየር ለአዋቂ ነጂ ሄልሜት አያስገድዱም።

እኔን የሚገርመኝ የፍሎሪዳ ነው። ከ2000 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ያለ ሄልሜት መንዳት ይችላል፣ ግን ቢያንስ የ10,000 ዶላር የሕክምና መድን ሊኖረው ይገባል። ነፃነቱን ከፈለግህ ወጪውንም ተሸከም ማለት ነው። በ1972 የማሳቹሴትስ ግዛት የሄልሜት ሕግ ጉዳይ የቀረበለት ፍርድ ቤትም ነገሩን እዚሁ ላይ ነው ያሳረፈው። ሰውየውን ከመንገድ የሚያነሳው፣ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ካልዳነም የሚጦረው ሕዝቡ ነው አለ።

እኛ ጋ ያ ሕዝብ ማን ነው? ለጤና መድን በየዓመቱ የሚያዋጣው የመንዝ ገበሬ ነው። በግ ሸጦ የከፈለው ገንዘብ ነው።

ከሞላሌ፣ ካህን

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም ሰማሁ። እኔም ገጠር ለፍትሐት ስጠራ በሞተር እሄዳለሁ፣ በእግር ብሄድ አልደርስም። በሞተር የሞተ ጎረምሳም ፈትቻለሁ። ግን ጥያቄ አለኝ። የእኔ ጥምጥም እንዴት ይሁን?

ከመሃል ሜዳ፣ መምህር

አባታችን፣ ይሄ ጥያቄ እንግሊዝ አገርም ተነስቷል። እዚያ ሄልሜት በ1973 እ.ኤ.አ. ግዴታ ሲሆን ሲኮች፣ ከህንድ የመነጨ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፣ «ጥምጥማችን የሃይማኖታችን ነው» ብለው ታገሉ። በ1976 ጥምጥም ያደረገ ሲክ ከግዴታው ነፃ እንዲሆን ተፈቀደ። እርስዎም ይፈቀድልኝ ቢሉ አዲስ ነገር አልጠየቁም።

ከሞላሌ፣ ካህን

እኔስ አልጠይቅም። ጥምጥሜን በሻሽ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ፣ ስደርስ እጠመጥመዋለሁ። ለሲኮቹ ፀጉራቸውም ጭምር የእምነት ነገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ የእኔ እንደዚያ አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ በሕዝብ ፊት «አባ፣ አውልቅ» ብሎ እንዳይጮህብኝ። ሕግ ሲወጣ አነጋገሩም አብሮ ይታሰብበት።

ከሸዋሮቢት፣ ሞተር ነጂ

እግዜር ይስጥልኝ አባታችን፣ እኔንም የሚያናድደኝ ይሄው ነው። ስድቡ ከቅጣቱ ይብሳል።

አሁን ስለ ተሳፋሪው ላንሳ። ለራሴ የፈለግሁትን ልሁን፣ ለተሳፋሪው ግን መልስ የለኝም። ሁለተኛ ሄልሜት ብገዛ ማን ያደርገዋል? ሹሩባ የተሠራች ልጅ አትነካውም። ሌላው «የስንቱ ላብ አለበት፣ ፎረፎር ታስይዘኛለህ» ይላል። እምቢ ሲል እኔ ልቀጣ ነው?

ከደብረ ብርሃን፣ ነርስ

የላቡ ነገር መላ አለው። ከስር የሚደረግ ስስ የጨርቅ ቆብ አሰፋና ለየተሳፋሪው ንጹሑን ስጥ። ማታ አጥበህ ታሰጣዋለህ። ሹሩባው ላይ ግን ክርክር አልገባም። ሹሩባ እንደገና ይሠራል።

ከደብረ ብርሃን፣ መነሻውን የጻፍኩት

አዎ፣ ነጂው ይቀጣ እላለሁ። ተሳፋሪው እምቢ ካለ አትጫነው።

ከሸዋሮቢት፣ ሞተር ነጂ

እኔ ካልጫንኩት አጠገቤ የቆመው ይጭነዋል። እኔ የቀን ገቢዬን አጣሁ፣ ሰውዬውም ያለ ሄልሜት ሄደ። ምን ተጠቀምን?

ከደብረ ብርሃን፣ መነሻውን የጻፍኩት

ለዚህ ነው እኮ ለየሰው ፈቃድ የማይተወው። ብቻህን ጥንቁቅ ስትሆን ትከስራለህ። ሁላችሁም እምቢ ካላችሁ ግን ተሳፋሪው የሚሄድበት ሌላ ሞተር የለም፣ ያጠልቃታል። ቬትናም በሞተር የተሞላች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በሁሉም መንገድ፣ ለነጂም ለተሳፋሪም ግዴታ አደረገች። ቅጣቱንም ከበድ አደረገችው። በአንድ ጊዜ አብዛኛው ሰው አጠለቀ።

ከሸዋሮቢት፣ ሞተር ነጂ

እዚያ ሁሉንም እኩል ስላስቆሙ ነው። እኛ ጋ የሚታወቀው ሰው ያልፋል፣ የቢሮ ሞተር ያልፋል፣ እኔ እቆማለሁ። የቢሮውንም ሞተር እንደኔ አስቁሙት፣ በማግስቱ ሁለት ሄልሜት ይዤ እወጣለሁ።

ከደብረ ብርሃን፣ መነሻውን የጻፍኩት

በዚህስ ተስማማን። የቢሮ ሞተር የምትነዱ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እዚህ መኖራችሁን አውቃለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?