«ቆሮንቶስ» የሚለው ስምና ሁለት የመርከበኞች አባባሎች

ጥያቄ፦ «ቆሮንቶስ» በግሪክኛ ምን ማለት ነው? «ወደ ቆሮንቶስ መጓዝ የሁሉም ሰው አይደለም» የሚለውስ አባባል ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነውን?

መልስ፦ በግሪክኛ የሚፈታ ትርጉም የለውም። «-ንቶስ» የሚለው መድረሻ ግሪክኛ ወደዚያ ምድር ሳይገባ በፊት ይነገር ከነበረ ቋንቋ የተረፈ እንደሆነ አብዛኞቹ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ያምናሉ። «ሂያኪንቶስ» የሚለውም ቃል በዚሁ መድረሻ የሚያልቅ ሲሆን፣ በግዕዝ «ያክንት» ተብሎ የከበረ ድንጋይ ስም ሆኖልናል። በ«ቆሮንቶስ» የግሪክኛው «ክ» ድምፅ በ«ቀ» መጻፉ እንደ ቆጵሮስና እንደ ቂርቆስ ነው፤ የዚያችው ከተማ ወደብ ክንክራኦስ ግን፣ ምክንያቱ ባይገባኝም፣ በ«ከ» ተጽፎ ደንቡን አፍርሷል።

አባባሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን ከመርከበኞች የመጣ ነው። ከተማዪቱ የፔሎፖኔዝን ምድር ከተቀረው ግሪክ ጋር በሚያገናኘው፣ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ቀጭን የብስ አጠገብ ስለምትገኝ፣ በሰሜን ሌካይዮን፣ በምሥራቅ ክንክራኦስ የተባሉ ሁለት ወደቦች ነበሯት። በደቡብ በኩል የሚዞር መርከበኛ ነፋሱ የከፋውን የማሌያን ርእሰ ምድር ማለፍ ነበረበትና «ማሌያን ስትዞር ቤትህን እርሳ» ይባል ነበር። ከዚያ ይልቅ ዕቃውን፣ አንዳንዴም መርከቡን ጭምር፣ በድንጋይ በተነጠፈ መንገድ ላይ እየጎተቱ ከባሕር ወደ ባሕር ያሻግሩ ነበር፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው በድንጋዩ ላይ የተቦረቦሩት የመንኰራኵር ፈለጎች ዛሬም ይታያሉ። ሸቀጡ የሚያርፍባት ከተማ በለጸገች፤ የጥንቱ የግሪክ መልክዐ ምድር ጸሓፊ ስትራቦን እንደሚነግረን የመርከብ አለቆች ገንዘባቸውን እዚያ እያራገፉ ይመለሱ ስለነበር አባባሉ ወጣ። ትርጉሙ እንግዲህ ስለ ኪስ እንጂ ስለ ቅድስና አይደለም፤ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ከሚለው የእኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል።

አባባሉ የተወለደባትን ከተማ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 አፈረሷት፤ ሐዋርያው ጳውሎስ የሰበከባት ዩልዮስ ቄሣር ከልደት በፊት በ44 እንደገና የቆረቆራት ናት። የዛሬዋ ደግሞ በ1858 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በባሕሩ ዳር የተሠራች ሦስተኛ ናት። ቀጭኑን የብስ ለማቋረጥ የሮም ንጉሥ ኔሮን ጀምሮት የቀረው የመርከብ ቦይ በ1893 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፤ ሆኖም ወርዱ ከ25 ሜትር ስለማይበልጥ፣ ትልልቆቹ መርከቦች አሁንም በማሌያ ይዞራሉ።