ቪትዝ ላይ 15 ሚሊ ስፔሰር አስገብቼ ጎማው ፓራፋንጎ እየነካ ነው፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል

ዓለምገና_ቪትዝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዓለም ገና ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከሁለት ወር በፊት ሞላዋን አስቆርጬ ወደ 4 ሳንቲም ዝቅ አደረግኳት። ዝቅ ስትል ግን ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የገቡ መሰሉኝና አላማረኝም። አንድ ዕቃ ሻጭ «ስፔሰር አድርግባት» አለኝ (ከቸርኬው ጀርባ ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት ነው)፣ በአራቱም ጎማ 15 ሚሊ አስገባሁ። ጠፍጣፋ ነው፣ አራት ቀዳዳ አለው። በራሱ በሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሀል ብረት) ቡሎን ላይ ይሰካና ቸርኬው ከላዩ ይታሰራል። ለዓይን በጣም አማረች።

እሁድ እናቴንና ሁለት እህቶቼን ይዤ ወደ ሰበታ ስሄድ ስፒድ ብሬከር ባለፍኩ ቁጥር ከኋላ «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ቤት ስገባ ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላ ቀኝ ጎማ ትከሻው ላይ አንድ ጣት በሚያህል ስፋት ዙሪያውን ተፍቋል። የፓራፋንጎው ከንፈር ላይ ደግሞ ጥቁር የጎማ ብናኝ ተለጥፏል። ከ80 በላይ ስነዳ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስፔሰሩ ከመግባቱ በፊት ይሄ አልነበረም። ባላንስ አሰራሁ፣ ያው ነው።

ቸርኬው ኦሪጅናል አሉሚኒየም ነው፣ 15 ኢንች። ከኋላው 5.5ጄ (ስፋቱ በኢንች) እና 45 የሚል አለው። 45ቷ ኦፍሴት ናት አሉኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ያስረዳኝ ሰው የለም። ስፔሰሩን ላውጣው? ወይስ ቀጭን ልግዛ? ዘወትር እናቴን የማመላልሰው በዚህች መኪና ነው፣ ከማማሩ በላይ ደህንነቱ ነው ያሳሰበኝ።

የጎሚስታ_ልጅ

ወንድሜ፣ ያደግኩት ጎሚስታ ቤት ነው፣ ከኦፍሴቱ ልጀምርልህ። ቸርኬውን መሬት ላይ አስተኝተህ እንደ ዳቦ ለሁለት እኩል ሰነጠቅከው በል። የሰነጠቅክበት መስመር መሀሉ ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊ ርቋል? ኦፍሴት ማለት እሱ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ያንተ 45 ነው፣ ማለትም የሚለጠፈው ፊት ከመሀሉ 45 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ስለዚህ አብዛኛው የቸርኬው አካል ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። 15 ሚሊ ስፔሰር ስታስገባ 45 የነበረው 30 ሆነ ማለት ነው። ጎማህ በያንዳንዱ ጎን 15 ሚሊ ወጣ።

አሁን ዝቅ ማድረጉን ጨምርበት። የቪትዝ የኋላ እግር አንድ ወጥ ድልድይ ነው፣ ጭነት ሲያርፍበት ጎማው ብዙም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የፊት እግር ቢሆን መኪናዋ ስትወርድ ጎማው ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ ከፓራፋንጎው ያመልጣል። ኋላ ይሄ ዕድል የለም። ብቻህን ስትነዳ ዝም ያለው መኪና ሦስት ሰው ሲጫን የጮኸው ለዚህ ነው።

የመሪው መንቀጥቀጥ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ነው የበለጠ ያሳሰበኝ። ቸርኬህን በመጀመሪያ መሀል የሚያስይዘው ቡሎኑ አይደለም። ከሞዞው መሀል የሚወጣው ክብ አንገት ነው፣ ቸርኬው ላይ ያለው 54.1 ሚሊ ቀዳዳ እዚያ ላይ ልክክ ይላል። 15 ሚሊ ጠፍጣፋ ስፔሰር ያንን አንገት ዋጠው፣ የራሱ አንገት ደግሞ የለውም። ቸርኬው በዳዶው ብቻ ተንጠልጥሏል። የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬዎች ብዙዎቹ ሾጣጣ ዳዶ ሳይሆን ዋሸር ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ነው የሚፈልጉት፣ ጠፍጣፋ ደግሞ እንደ ሾጣጣው ራሱን ስቦ መሀል አይገባም። ቸርኬው በግማሽ ሚሊ እንኳን ቢስት መሪው ይነግርሃል። ባላንስ ማሽኑ ላይ ትክክል መሆኑም ለዚህ ነው፣ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሀል ቀዳዳው ነዋ።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግልኝ። መኪናዋን ክሪክ ሳታስገባ አንድ ዳዶ ብቻ አላላ፣ ከዚያ በእጅህ እስኪወድቅ ስንት ዙር እንደሚዞር ቁጠር። ቡሎኑ 12 ሚሊ ነው፣ ጥርሱ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መያዝ አለበት፣ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መኪናዋን ከግቢ አታውጣት።

ፉሪ_ኮሮላ

ይሄን ቆጠራ በቀላሉ እንዳታየው። እኔም እንዲሁ ቶርኖ ቤት ያስቆረጥኩት 20 ሚሊ አስገብቼ ነበር። ከፉሪ ወደ ጀሞ ስወርድ ፊት ግራ «ቋ ቋ» ይል ጀመር። ኮብልስቶኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ሰፈራችን ኮብልስቶን ስለሆነ ሁሌ የሆነ ነገር ይንኳኳል። አስፋልት ላይ ስወጣም አልቆመም። ወርጄ ጎማውን በእግሬ ስገፋው ተንቀሳቀሰ። ከአራቱ ዳዶ ሁለቱ የሉም፣ ሦስተኛው በእጄ ተፈታ። የቡሎኑ ጥርስ ጫፍ ጫፉ ተልጦ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይርዳል።

ቲጂ_ለቡ

የሁለታችሁም ትክክል ነው ግን ስፔሰርን በጅምላ አንኮንነው። እኔ ሦስት ዓመት ነድቼበታለሁ። ልዩነቱ ዓይነቱ ላይ ነው። የኔ የራሱ ቡሎን አለው፦ ስፔሰሩ በራሱ ዳዶ ሞዞው ላይ ይታሰራል፣ ቸርኬው ደግሞ ስፔሰሩ ላይ ባሉት አዲስ ቡሎኖች ይታሰራል። ከውስጥ 54.1 ተቦርቡሯል፣ ከውጭ ደግሞ 54.1 አንገት አለው። ግን ይሄ ዓይነቱ ወፍራም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የድሮው ቡሎን አልፎ ይወጣና ቸርኬው አይቀመጥም። ወፍራም ደግሞ ያንተ የኋላ ፓራፋንጎ ጨርሶ አይችለውም።

ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ለካ። ክር ላይ ዳዶ አስረህ ከፓራፋንጎው ከንፈር ወደ ታች አንጠልጥል። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ይቀመጥ። በክሩና በጎማው ሆድ መሀል ስንት ሚሊ አለ? ጎማው ክሩን ከነካው መልሱን አግኝተሃል። እኔ 25 ሚሊ ገዝቼ ከመለስኩ በኋላ ነው ይህን የተማርኩት፣ ግማሽ ቀን ሶማሌ ተራ ፈጀሁ።

የተቆረጠውን ሞላም እየው እባክህ። ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል ካልተኛ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ቦታውን ይለቃል። ዝቅ ካደረግክ በኋላ አላይመንት አሰርተሃል? ካላሰራህ የፊት ጎማዎችህን ውስጠኛ ጠርዝ በእጅህ ዳስሳቸው።

ዓለምገና_ቪትዝ

ቆጠርኩ። የፊቶቹ አምስት ዙር እንኳን አይሞሉም፣ የኋላ ቀኝ አራት ተኩል። እጄ ተንቀጠቀጠ። አራቱንም አወጣኋቸው። ከአንዱ ስፔሰር ሥር ሞዞው ላይ ዝገት ተጋግሮ ነበር፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ቸርኬውን በኦሪጅናሉ ቦታ አሰርኩት። አሁን 90 ድረስ ነዳሁት፣ መሪው ፀጥ ብሏል። የኋላው ድምፅም የለም። አላይመንት አላሰራሁም ነበር፣ የፊት ጎማዎቼ ውስጠኛ ጠርዝ እንደ መጋዝ ይቧጥጣል።

ያለ ስፔሰር ትንሽ ወጣ የሚያደርግ መንገድ አለ?

የጎሚስታ_ልጅ

እግዚአብሔር ይመስገን። አለ፣ ትክክለኛ ቸርኬ መግዛት ነው። ሒሳቡን አብረን እንስራው። 6.5ጄ ቸርኬ ካንተ በ1 ኢንች ይሰፋል፣ 25.4 ሚሊ ነው፣ ግማሹ 12.7 ወደ ውጭ፣ ግማሹ 12.7 ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኦፍሴቱ 42 ከሆነ ካንተው በ3 ያንሳል፣ ስለዚህ ወደ ውጭ 15.7፣ ወደ ውስጥ 9.7 ይሆናል። ከስፔሰርህ ጋር እኩል ነው የሚወጣው፣ ኋላ ያው መልሶ ይነካብሃል። ወደ ውስጥ ደግሞ አሞርዛተሩን መመልከት አለብህ። 6ጄ 42 ቢሆን ግማሽ ኢንች ነው የሚሰፋው፣ ወደ ውጭ 9.3 ወደ ውስጥ 3.3 ይመጣል። በዚህ ከፍታ እኔ ብሆን ከእሱ አላልፍም፣ እሱንም ቲጂ እንዳለችው በክር ከለካሁ በኋላ ነው።

የቡሎን ቀዳዳዎቹ 4 በ100 (አራት ቀዳዳ፣ 100 ሚሊ ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ) መሆናቸውን አረጋግጥ። ኦሪጅናል ያልሆኑት ብዙ ጊዜ የመሀል ቀዳዳቸው 73.1 ነው፣ ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት ጠይቅ። ዳዶውንም ከቸርኬው ጋር አስማማ፣ ኦሪጅናል ያልሆኑት አብዛኞቹ ሾጣጣ ነው የሚፈልጉት። በቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር አሳስር፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ተመልሰህ አስፈትሽ።

አላይመንቱን ግን ቸርኬ እስክትገዛ አትጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት አሰራው። የተፋቀውን የኋላ ጎማም አውጥተህ ከውስጥ አስይ፣ የጎማው የውስጥ ክር ከታየ ቀይረው።

ዓለምገና_ቪትዝ

ነገ ጠዋት አላይመንት እገባለሁ። ከፓራፋንጎው ክር አንጠልጥዬ ዛሬ ማታ እህቶቼን አስቀምጬ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።