ከቡና ስኒ የማትበልጥ ኤሊ ቤታችን ገባች፣ ምን ላዘጋጅላት?

የሁለት ልጆች እናት (ሽምብጥ)

ሰላም ለሁላችሁም። ኤሊ አሳድጎ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ከትናንት ወዲያ የባለቤቴ ወንድም ከመተማ መስመር ሲመለስ (ሹፌር ነው) በብስኩት ካርቶን አድርጎ አንዲት ሚጢጢ ኤሊ ለልጆቹ ይዞ መጣ። መንገድ ዳር ልጆች እንደ ኳስ ሲያንከባልሏት አይቶ አሳዝናው ነው አለ። እኔ መጀመሪያ ድንጋይ ነበር የመሰለኝ፣ ኋላ ጭንቅላቷን ብቅ ስታደርግ ልጆቹ ቤቱን በጩኸት አቀለጡት። ስፋቷ ከቡና ስኒ አፍ አይበልጥም፣ ጀርባዋ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

ለጊዜው ከጎረቤት አናጢ ሰጋቱራ አምጥቼ ካርቶኑ ውስጥ አነጠፍኩላት፣ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ፣ ከዛ ጎመንና ወተት የነካ ዳቦ ሰጠኋት ግን ዞር ብላም አላየችው። ቀን ቀን መስኮቱ ጋ ፀሐይ ሚገባበት አስቀምጣታለሁ። ማታው ነው ያስቸገረኝ፣ ታህሳስ ነው፣ የባህር ዳር ሙቀት ሚባለው ነገር በዚ ወር አይሰራም፣ ጠዋት ሳያት ድርቅ ብላ ምንም አትንቀሳቀስም፣ ሞተች ብዬ ልጆቹ ሳያዩ ልደብቃት ሁላ ነበር፣ ሶስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲነካት ተነሳች።

ቤት ልሰራላት እፈልጋለሁ፣ ከምን ልስራው? ጓሮ አራት ዶሮና አንድ ውሻ አለን። ልጆቼ ሰባትና ሶስት አመታቸው ነው፣ ትንሿ ከእጇ አታወርዳትም። አማቴ ደሞ "የእግዜርን ፍጥረት አታሰቃዩ፣ ወስዳችሁ ጣና ልቀቋት" ይሉኛል። ግራ ገባኝ።

ቀበሌ 11

አማትሽ ልክ ናቸው። ሐይቁ እግራችሁ ስር ነው፣ ደንገሉ ጋ ወስደሽ ልቀቂያት ትዋኝበት። በዛውም እምቦጩን ብትበላልን ሃሃ

ዓባይ ማዶ

ኧረ በስመ አብ፣ እንዳትሰሚው! ሁሉም ኤሊ ዋናተኛ አይደለም። መጀመሪያ እግሯን እዪው። የውሃ ኤሊ ጣቶቿ መሃል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ አለው፣ ጀርባዋም ዝርግ ነው። የየብስ ኤሊ ግን እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድፍን ነው፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ጉልላት ነው። ቢጫ በጥቁር ነጠብጣብ ካልሽ ያቺ የየብስ ናት፣ ፈረንጆቹ ሊዮፓርድ ቶርተስ ነው ሚሏት፣ እኛም አገር ቆላው ላይ አለች። ጣና ብትወረውሪያት እንደ ጠጠር ነው ምትሰምጠው። ያ ጎድጓዳ ሳህንም ለሷ ጣና ነው፣ አሁኑኑ አንሺውና በስኒ ማስቀመጫ ቀይሪው።

ጋሽ ኤሊ

(ስሙን የሰፈር ልጆች ናቸው ያወጡልኝ፣ አልተቀየምኩም።)

እህቴ፣ አንቺ አሁን እያረግሽ ያለሽውን ሁሉ እኔም አርጌዋለሁ፣ ስለዚ ስሚኝ። የዛሬ ስንት አመት እንዳንቺው አንዲት ሚጢጢ ተሰጥታኝ በካርቶን፣ በሰጋቱራ፣ በጎመንና በዳቦ አሳደግኳት። ደረቅ ቦታ ትወዳለች የቆላ እንስሳ ናት ብዬ አንዲት ጠብታ እርጥበት እንዳይነካት ስጠብቅ ነበር። በስድስት ወሯ ጀርባዋ ላይ ያሉት ቅርፊቶች እያንዳንዳቸው እንደ ሞሶብ ክዳን ሹል ሹል ብለው ወጡ። እኔ ሞኙ እያደገች ነው ብዬ ለሰው አሳያለሁ! ለካ በሽታ ነው፣ አንዴ ከወጣ ደሞ አይመለስም። ከዛ ክረምት ገባ፣ ሲሚንቶው ቀዘቀዘ፣ አፍንጫዋ አረፋ አረፋ ማለት ጀመረ፣ ነሐሴን ሳታልፍ ሞተችብኝ። እስከዛሬ ሰጋቱራ ሳይ እሷ ናት ትዝ ምትለኝ።

ኋላ ላይ አንብቤ ጠይቄ የገባኝ ነገር፣ አዋቂዋ ደረቅ ሳር ሜዳ ላይ ትኖራለች ግን ጫጩቷ ገና ስትፈለፈል ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ስር፣ ሳር ስር፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ተሸጉጣ ነው ምትውለው። ትንሽ ስለሆነች ውሃዋ ቶሎ ነው ሚያልቀው። ስለዚ ሰጋቱራውን ዛሬውኑ ድፊው፣ እርጥበቷን ይመጥጥባታል፣ አቧራው ሳንባዋ ይገባል፣ የጥድ ከሆነ ደሞ ሽታው ራሱ አይስማማትም። ዳፕና ዩሪያ ያልነካው ንፁህ አፈር ከደረቀ ቅጠል ጋር ደባልቂና አራት ጣት ያህል ውፍረት አንጥፊላት። አንዱን ጥግ ውሃ ረጭ እያረግሽ እርጥብ አርጊው፣ ጭቃ ግን አይሁን፣ ጨብጠሽው ሚያያዝ ውሃ ማያንጠባጥብ። እዛ ላይ የተሰበረ እንስራ ገል ካለሽ ግማሽ ጎኑን ድፊላት። በቃ ቤቷ ያ ነው። ሌላው ግቢ ነው። ገሉ ስር ስትገባ አትጎትቷት።

ሳጥኑን ያው አናጢሽ ይስራልሽ፣ አንድ ሜትር በ60 ሳንቲም፣ ጎኑ 30 ሳንቲም ከፍታ ይበቃል፣ ክዳን አያስፈልገውም። መስታወት እንዳታረጊ፣ ውጪው ከታያት ቀኑን ሙሉ ስትገፋው ነው ምትውለው።

ምግብ እምቢ ያለችው አኩርፋ አይደለም፣ በርዷት ነው። ሰውነቷ ካልሞቀ ሆዷ አይፈጭም። አንድ ጥግ ላይ አምፖል ስቀይላት፣ ከስሩ 32 እስከ 35 ዲግሪ ይድረስ፣ ሌላኛው ጥግ 25 አካባቢ ይሁን፣ ሲሞቃት ትሸሻለች ሲበርዳት ትመጣለች፣ እሷ ታውቃለች። ኤልኢዲ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም፣ የዶሮ ጫጩት ማሞቂያውን ቀዩን ፈልጊ። ማታ ከ20 በታች እንዳይወርድባት። የኛ ከተማ 1800 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ታህሳስና ጥር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ እሷ ደሞ ብርድ ሲመጣ ለወራት ከሚተኙት ኤሊዎች ወገን አይደለችም፣ ዝም ብላ ነው ምትታመመው። መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም) በሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጎኗ አስቀምጪ። ከሰል እንዳታስገቢ፣ ለናንተም ለሷም።

ምግቧ ሳር ነው። ሰርዶ፣ የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾሁን ልጠሽ፣ የጓሮ አረም ቱፎርዲ (የአረም ማጥፊያው) ያልተረጨበት። ጎመን አልፎ አልፎ ብቻ። ዳቦ፣ ወተት፣ እንጀራ፣ ሙዝ ምናምን የለም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ አድርቀሽ በሙቀጫ እንደ ዱቄት አልሚና ምግቧ ላይ ቆንጥረሽ ነስንሺላት።

ጠዋት ጠዋት ደሞ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፊያት፣ አገጯ ስር ብቻ ይድረስ፣ አጠገቧ ቁጭ በይ። እዛው ትጠጣለች፣ እዛው ትፀዳዳለች። እንደ ኮልጌት ያለ ነጭ ነገር ከወጣት አትደንግጪ ጤና ነው። አሸዋ አሸዋ ካለ ግን ውሃ አንሷታል ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ሽምብጥ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እያነበብኩ አለቀስኩም ሳቅኩም። ሰጋቱራው ተደፍቷል። ገል ደሞ ከአማቴ የተሰነጠቀ እንስራ ተገኘ፣ "ለኤሊ ነው የሰበርኩት ልበል?" እያሉ ሰጡኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ መስኮት ጋ ፀሐይ ማሞቄስ ይበቃል? ውጪ ሳወጣትስ ከላይ አሮጌ አጎበር ባለብሳት ከዶሮዎቹ አይከልላትም?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ (ቀን ላምና በግ ነው ማክመው)

መስኮቱ አይበቃም። ልጅ ወልደሽ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብተሽ ፀሐይ ታሞቂ የለ? ለምን መስታወት ውስጥ ሆነሽ አታሞቂም? አጥንት ሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ምታመርትበትን ጨረር መስታወቱ ስለሚያስቀረው ነው። ኤሊም ያው ናት፣ ያለሱ ካልሲየሙን ብትበላም ቅርፊቷ እንደ ካርቶን ይለሰልሳል። ጠዋት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ውጪ አውጪያት ግን ግማሹ ጥላ ይሁን፣ ጥላ የሌለው ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስተሻት ቡና ከጠጣሽ ተቀቅላ ነው ምታገኛት።

አጎበሩን ተይው፣ መድሃኒት የተነከረ ነው፣ እግሯም ይጠላለፍበታል። ወንፊት ሽቦ በእንጨት ፍሬም አስመቺ። ከላይ ጭልፊትና ቁራ አለ፣ ከታች ዶሮዎቹ አሉ፣ ዶሮ አይኗን ነው ምትነቅርሽ፣ ኩሷም በሽታ ያስተላልፋል። ውሻው የፈለገ ጨዋ ቢሆን አጥንት ነው ምትመስለው። ጉንዳንም እይ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የሶስት አመቷ ልጅ ናት። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳልሞኔላ ሚባለውን ባክቴሪያ በሰገራዋ ታወጣለች፣ ለሷ ምንም አይደለም ለህፃን ግን ከባድ ተቅማጥና ትኩሳት ነው። ከአምስት አመት በታች ያለ ልጅ ባይነካት ነው ሚሻለው። ከነካች እጇን በሳሙና፣ መሳም የለም። የምትዘፈዝፊበትን ሳህን ለብቻው አርጊው፣ ውሃውን ሽንት ቤት ድፊው፣ የወጥ ቤት ገንዳ ላይ አይደለም።

ዓባይ ማዶ

ደስ ሚለውን ሁሉ ተናገራችሁ፣ እኔ ደስ ማይለውን ልናገር። ይቺ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት አይቻልም፣ ሹፌሩ ወንድማችሁ በደግነት ያረገው ነገር ኬላ ላይ ቢያዝ ጣጣ ነበር። ድንበር አሻግሮ መሸጡ ደሞ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ቁጥጥር አለበት፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ላስፈራራሽ አይደለም፣ አንቺ አልያዝሻትም ተሰጥታሽ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ መስሪያ ቤት ደውይና እንዲህ እንዲህ ሆነ በይ።

ሌላው ደሞ እድሜዋ። 40 ሳንቲም ምትሆን፣ ሃምሳ አመትና ከዛ በላይ ምትኖር እንስሳ ናት። ሌላ ዘር ቢሆንም ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ያለው ጆናታን ሚሉት ኤሊ በፈረንጅ 1832 ገደማ እንደተወለደ ነው ሚገመተው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሳይነግሱ ማለት ነው። ኑዛዜሽ ላይ ልታስገቢያት ነው?

ቀበሌ 11

እኔ ስለ ሰጠሁት ምክር ይቅርታ። እምቦጩ ግን ቀልድ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት (ሽምብጥ)

ከሶስት ቀን በኋላ ልንገራችሁ ብዬ ነው። አምፖሉን ካሰቀልኩ በማግስቱ ጠዋት ገሉ ስር የለችም፣ ደንግጬ ሳይ ሰርዶው ላይ ቆማ፣ አንዷን ሳር በአፏ ይዛ በፊት እግሯ ረግጣ እየበጠሰች! ድምፁ ይሰማል፣ ቅጭ ቅጭ። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ ብሎ አለቀሰ። በጎረቤቴ የኬክ ሚዛን መዘንናት፣ 41 ግራም ናት፣ እየጻፍኩ ነው።

የባለቤቴን ወንድም ጠየቅኩት፣ ያገኛትን ቦታ ያስታውሰዋል፣ ድልድዩ አለፍ ብሎ ትልቅ ዋርካ አጠገብ ነው አለኝ። መስሪያ ቤቱ ጋ ደውዬ ሰኞ ይዘሻት ነይ ብለውኛል፣ ከሱ ጋር አብረን ነው ምንሄደው። ልጆቹን እንዴት እንደምነግራቸው ገና አላወቅኩም፣ ትንሿ "ሰኞ" ሚባለውን ቃል ስሰማ ሳጥኑን ታቅፋለች (ጎኑን ብቻ ሃኪሟ፣ እጇንም አሳጥባታለሁ)።

እስከዛ ግን ዛሬ ማታም መብራት የለም። ሃይላንዱን በየስንት ሰዓቱ ነው ምቀይረው?

ጋሽ ኤሊ

ሁለት ሰዓት አካባቢ ቢቆይልሽ ነው። ስትተኚ አንዴ ቀይሪ፣ ለሽንት ስትነሺ አንዴ። ደሞ ክዳኑን ጠበቅ አርጊው፣ እኔ አንዴ ጋቢዬን አርሻለሁ።